የእትዬ በላይነሽ በር

የሕግ ፕሮፌሰራችን ጠረጴዛውን ኳ ኳ ኳ አደረገና «ፖሊስ ነው፤ የዳኛ ትእዛዝ ግን አልያዘም። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። ፈቅዳለች ማለት ነው?» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። ሕገ መንግሥቱ የሰውን ቤት እስከ ምን ድረስ ይጠብቃል እያሉ ሲሟገቱ እኔ ሆዬ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ዳቦ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እትዬ በላይነሽ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ ለሥራ ማልዳ ስለምትወጣ እሳቸው ጋ ትተወኛለች። ሂተሩ ያፏጫል፣ ፍሪጁ ላይ ያለቁ የስልክ ካርዶች ተደርድረዋል። ማንም ይምጣ ማን፣ በር ከተንኳኳ ማንነቱን እንኳ ሳይጠይቁ «ግቡ! ግቡ!» ነው። ቤት ተሳስቶ የመጣ ፒዛ አድራሽ ሻይ ጠጥቶ ሄዷል፤ እውነቴን ነው። «የእግዜር እንግዳ ደጅ አይቆምም» ይሉ ነበር።

አብሯቸው የእህታቸው ልጅ ዳዊት ይኖራል። ፓርኪንግ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ይተኛል። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ መደረጉን የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ሦስት ሰዎች አንኳኩ። ጃኬታቸው ላይ «ፖሊስ» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ግን እንግሊዝኛ አያነቡም። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና በእጃቸው ሶፋውን እያሳዩ «ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?» አሉ። ዳቦ ቆረሱላቸው። ከሦስቱ ወጣቱ፣ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ተቀበላቸው። ሰዎቹ የዳዊትን ስም ሲጠሩማ የእትዬ በላይነሽ ፊት በራ፤ የሥራ ጓደኞቹ መስለዋቸዋል። «ዳዊትዬ፣ ተነስ! እንግዶች መጥተውልሃል» ብለው ራሳቸው ቀሰቀሱት። በካልሲው ወጣ። ሰዎቹን ሲያይ ዞሮ እሳቸውን ብቻ አየ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ይዘውት ሲወጡ አንድ ጊዜ የተገመጠ ዳቦ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ሰብረው ገብተው ቢሆን እንከራከር ነበር» አላቸው በኋላ የዳዊት ጠበቃ በአስተርጓሚ። «ግን እርስዎ ነዎት ያስገቧቸው።»

«ታዲያ ሰው ደጅ ቆሞ ይቀራል?» አሉ። ዳዊት አገር ቤት ተላከ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ሰንሰለት ተገጠመ። ጠበቃው ያስጠናቸውን አንዲት የእንግሊዝኛ ጥያቄ ይዘው፣ እናቴ ልትወስደኝ ስታንኳኳ እንኳ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ዎራንት?»፣ የዳኛ ትእዛዝ ይዘሻል ወይ፣ ይሏታል። መጀመሪያ ሳቅን። አይ፣ ምኑ ያስቃል!

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተዛወሩ በኋላ ልንጠይቃቸው ሄድን። በሰንሰለቱ ክፍተት በአንድ ዓይናቸው እያዩ «ደህና ናችሁ ወይ? ልጅቷ እንዴት አደገች!» አሉን። በዚያችው ክፍተት ዳቦ በፌስታል አቀበሉን። ግቡ ግን አላሉንም። እናቴ መኪና ውስጥ ትኩሱን ዳቦ ታቅፋ አለቀሰች። በሚቀጥለው የሄድነው ለቀብራቸው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ተራው ሲደርሰኝ «ሴትዮዋ እኮ የከፈተችው እንግዳ መስሏት ነው» አልኩ።

«ሕጉ የሚያየው ፖሊሶቹ ምን እንደተረዱ ነው» አለኝ ፕሮፌሰሩ።

አሁን እኔም የራሴ ቤት አለኝ። ሲንኳኳ በቀዳዳው አይቼ እከፍታለሁ፤ «ግቡ» የምትለዋ ቃል ግን ከአፌ አትወጣም። ባለፈው እሁድ የመጣችው እናቴ ነበረች። በሩን ይዤ ቆምኩ። ፌስታሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ቀስ ብላ «እኔንም ግቢ አትይኝም?» አለችኝ።