አማቴ የቀመሱት ወይን

ባሌ በተወለደበት አገር ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም። እኔ ሆሳዕና ገበያ ጥግ ከጉራጌ ነጋዴ ቤት የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ልማዱን የተማርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። አንዴ ከያዘኝ ግን አልለቀቀኝም። ስለዚህ እዚህም ማንንም በስም አልጠራም፤ ባሌን ባሌ፣ እናቱን አማቴ እላለሁ።

ባሌ የወይን ጠጅ ሰው ነበር። ጠጪ ነበር ማለቴ አይደለም። ጠጪማ በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ሞልቶ ነበር፤ የአረቄው ቤትም የጠጁም ቤት ደንበኛ አላጣም። እሱ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ለረጅም ጊዜ የሚያሸት፣ ከዚያ ሁለት ጉንጭ ጠጥቶ የሚበቃው ሰው ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ የግሪክ መደብር ውስጥ ሳጥን ሊያወርድ ተቀጠረ። ግሪኩ ጥሩ ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር ሠራተኞቹን ጠርቶ ያስቀምሳቸዋል። ሌሎቹ ጨልጠው አፋቸውን ሲጠርጉ፣ ባሌ ግን "ይሄ ከትናንቱ በምን ተለየ?" ብሎ ጠየቀ። ይህችን ጥያቄ ይዞ አገሩ ተመለሰ፤ እኔንም ያገባኝ ይህችን ጥያቄ ይዞ ነው።

ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ላይ ግሮሰሪ ከፈተ። የሚያኖረን ቢራውና አረቄው ነበር። ከበስተኋላ፣ ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ደግሞ የጣሊያንና የፈረንሳይ ጠርሙሶች ጋደም ብለው ይተኛሉ። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ ራሱ መርጦ ነው የሚያመጣቸው። በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ፣ መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይመጣል። ልጅ አልነበረንም፤ "ዛሬስ ወንድ ነው ሴት?" እያልኩ በሩ ላይ እቀበለው ነበር። ቀልዱ ሁለታችንንም ትንሽ ያመን ነበር፤ ቢሆንም አልተውነውም።

በወይን ነገር ለማንም አይዋሽም። ዳኛው መጥተው ቀዩን ያዛሉ፣ ቀጥሎ ስኳር ይጠይቃሉ። ባሌ ስኳሩን ያቀርብና ጠርሙሱን ወደ ርካሹ ይለውጠዋል። "ምነው ቀየርከው?" ሲሉት፣ "ጌታዬ፣ ለስኳር ይሄኛው ይስማማል" ይላቸዋል። የተበላሸ ጠርሙስ ካጋጠመው ደግሞ፣ ደንበኛው ደስ ብሎት እየጠጣ እንኳ ቢሆን ከእጁ ይወስድበታል። አንዴ ያሸተውና "ይሄ ሞቷል" ብሎ ደጅ ላይ ይደፋዋል። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አንጀቴ ያርር ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ግሮሰሪውን ዘግቶ እኔን ያስተምረኛል። ሁለት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሁለቱም ይቀዳልኝና "ምረጪ" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ለማናደድ "ሁለቱም ኮሽም ኮሽም ይላሉ" አልኩት። አልተናደደም፤ እንዲያውም ደስ አለው። "ኮሽም ትክክል ነው። ጥሬው ነው የበሰለው?" ብሎ ተጠጋኝ። መልሼ ቀመስኩ። አንዱ ጥሬ ኮሽም ነበር፣ ሌላው የበሰለ። ከዚያ በኋላ የራሳችን ቋንቋ ተፈጠረልን። አንዱን "እንጆሪ ነው፣ ግን ዝናብ የመታው" እንለዋለን፤ ሌላውን "አዲስ የተለፋ ቆዳ"፤ ሌላውን "ኮሰረት ያለበት ቅቤ"። አንድ እሁድ፣ ሳላስበው፣ አንዱን ጠርሙስ ከልቤ ወደድኩት። ምላሴ ላይ ቀስ ብሎ ሲከፈት ተሰማኝና ማውራት አቆምኩ። ባሌ አየኝና ጨርቁን ፈታልኝ። በትዳራችን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን የትኛው ነው ብባል ያንን እሁድ ነው የምጠራው።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረው ነበር፤ እናቱ። አማቴ ሞርሲቶ አጠገብ ገጠር ውስጥ የሚኖሩ የወንጌል አማኝ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው መጠጥ የሚጠጣውና የሚሸጠው እኩል ኃጢአተኛ ነው። ለገበያ ሆሳዕና ሲመጡ ግሮሰሪውን ላለማየት ጃንጥላቸውን ወደዚያ አዘንብለው ያልፋሉ፤ ወደ ቤታችንም በጓሮ በር ነው የሚገቡት። ባሌ እግራቸውን እያጠበ ይለምናቸው ነበር።

"እማዬ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ ቅመሺልኝ። ከዚያ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።"

"አልቀምስም፣ ልጄ። ጌታ ያውቃል፣ አልሰድብህም። አልቀምስም።"

እንዲጠጡለት ፈልጎ አልነበረም። ልጃቸው ዕድሜውን የሰጠው ነገር ቆሻሻ እንዳልሆነ አንድ ቀን በምላሳቸው እንዲያውቁለት ነው የፈለገው። ጠርሙሱን እንኳ መርጦላቸው ነበር። ከጣሊያን የመጣ ለስላሳ ቀይ ነው፤ የበሰለ ሾላ ይሸታል። አማቴ ሾላ ይወዳሉ። ባሌ ያንን ጠርሙስ ለአገረ ገዥውም ቢሆን አይሸጠውም ነበር። "የእማዬ ነው" ይላል። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያልኩ እስቅበት ነበር።

ከዚያ ሆዱን ያመው ጀመር። ከተማው ወዲያው ፈረደ፤ "መጠጡ በላው" ተባለ። ያንን ሁለት ጉንጭ ጠጥቶ የሚበቃውን ሰው። ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ዳሰሰውና ፊቱ ተለወጠ፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንድንሄድ ነገረን። ግሮሰሪው ሊዘጋ ነው፣ ወሩ የበጋ ነው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምድጃ ይግላል። ባሌ ከራሱ ሆድ ይልቅ ለጠርሙሶቹ ተጨነቀ። ጥሩ ጥሩዎቹን በሳጥን አደረገና እናቱ የሣር ክዳን ቤት ወሰድናቸው።

"እማዬ፣ እነዚህን አስቀምጪልኝ። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚወዱት።"

አማቴ ሳጥኑን ከሩቅ አዩት። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። የልጃቸውን የከሳ ፊት አይተው ግን ተጠጉ።

"አይበላሽም?"

"አይበላሽም። እየቆየ ነው የሚሻለው።"

"እንደ ቆጮ ነው?"

ባሌ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። "አዎ እማዬ፣ ልክ እንደ ቆጮ ነው" አላቸው። ስንመለስ ሆዱን በእጁ ደግፎ እየሄደ፣ "ገባት! አየሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት" እያለ ደጋገመልኝ።

አዲስ አበባ ብዙ ቆየን። ሐኪሞቹ ሆዱን ከፈቱትና መልሰው ዘጉት። የሚሠራ ነገር እንደሌለ ለእኔ ኮሪደር ላይ ነገሩኝ፤ እሱ ከፊቴ አነበበው። ወደ ሆሳዕና ቤታችን ሳይሆን ወደ እናቱ ቤት መሄድ ፈለገ። አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ፣ "የሾላዋን ጠርሙስ እከፍታታለሁ" አለኝ። "ለእማዬ እቀዳላታለሁ። ዘንድሮ እምቢ አትለኝም።" ዘንድሮ ለምን እምቢ እንደማይሉት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሌላ ምንም የሚፈልገው ነገር አልነበረውም። ያቺን አንድ ጉንጭ ብቻ።

ስንደርስ አማቴ አቅፈውት አለቀሱ፤ ካለቀሱ በኋላ እንባቸውን ጠርገው፣ "ዕቃህን ጠብቄልሃለሁ" አሉ። ከልጃቸው ጋር በሐዲይኛ ነው የሚነጋገሩት፣ ለእኔ ባሌ ነው የሚተረጉምልኝ፤ ያን ዕለት ግን እኔም እንድሰማ በአማርኛ አሉት። ከቤቱ ጀርባ ወደ እንሰቶቹ መካከል መሩን። በሬ ወለደ ቢሉኝ እንደዚያ አልገረምም፤ ወይን ፍለጋ ወደ እንሰት ጓሮ መሄዳችን ግራ አጋባኝ። አማቴ ጎንበስ ብለው ድንጋዮቹን አነሱ፣ ቅጠሉን ገለጡ። ጋደም ያሉ ጠርሙሶችን ስጠብቅ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የታየኝ አፉ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በቃጫ የታሰረ እንስራ ነው።

ነገሩን እየኮሩ አስረዱን። ቆጮ የሚቀበረው በቅጠል ተጠቅልሎ ነው፤ በየጊዜው ተከፍቶ ይገላበጣል፣ አሮጌው ቅጠል በአዲስ ይለወጣል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። እንደዚያ የተያዘው ነው ለክቡር እንግዳ የሚወጣው። ጠርሙስ ደግሞ የታፈነ ነው፣ እንዴት ይበስላል? ስለዚህ ቡሹን በእንጨት ወደ ውስጥ እየገፉ ሁሉንም አንድ እንስራ ውስጥ ገለበጡት፤ የፈረንሳዩን፣ የጣሊያኑን፣ የሾላውንም። ከዚያ ገበያ በዋለ ቁጥር እየከፈቱ ያማስሉታል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንዳያዩዋቸው ጎረቤት ውሃ ሳይወርድ በማለዳ ተነስተው ብቻቸውን ነው የሠሩት።

"ሽታው ራሴን ያዞረኛል" አሉ። "ያንተ ነው ብዬ ቻልኩት።"

ቃጫውን ሲፈቱት ሽታው ደረሰኝ። አቼቶ ነበር፤ ሰላጣ ላይ የምንጨምረው አቼቶ። ባሌ ከእኔ ቀድሞ እንዳሸተተው አውቃለሁ። ፊቱን አየሁ። "ይሄ ሞቷል" እስኪል ጠበቅሁ።

እሱ ግን ለመቅመስ እጁን ዘረጋ። አማቴ በጣሳ ቀድተው ለእሱ ሰጡት፣ ለእኔም ሰጡኝ። ከዚያ ለራሳቸው ቀዱ።

"ሰዎች ይሄ ነው የጎዳው ይላሉ" አሉ። "ልወቀው።"

"አልጎዳኝም፣ እማዬ።"

"ልወቀው።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩና ጠጡ። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እንደዋጡት ልጃቸውን አዩት። ከዓመታት ጀምሮ እሁድ እሁድ ለዚህች ደቂቃ የሚላቸውን ሲያጠና እሰማው ነበር፤ ቀስ በይ፣ ምላስሽ ላይ ያዢው፣ ሾላው አሁን ይመጣል።

"ይሄ ነው?" አሉት።

"ይሄ ነው፣ እማዬ።"

"ጎምዛዛ ነው።"

"ትንሽ ይጎመዝዛል።"

"ይሄን ትወደው ነበር?"

"በጣም።"

አማቴ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጣሳውን አንስተው የቀረውን እንደ ኮሶ ጨለጡት። እሱም የራሱን ጨለጠ። ወተት እንኳ የማያሳድር ሆድ ነበረው። እኔም ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ።

ወዲያው ከቤቱ ጎን ወስጄው ግንባሩን ይዤ አስታወክሁት። እስኪበርድለት ጠብቄ፣ "ለምን አልነገርካቸውም?" አልኩት። ተናድጄ ነበር። በእሳቸው ይሁን በእሱ ወይም በፈጣሪ፣ ዛሬም አላውቅም።

"ምን ብዬ ልንገራት?" አለኝ። "ዕድሜ ልኬን ቅመሺልኝ አልኳት። ቀመሰችልኝ።"

ባሌ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ለቅሶው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ተቀምጠው ይንሾካሾኩ ነበር። መጠጥ ሻጭ ነው፣ በመዝሙር እንቅበረው ወይስ አንቅበረው፣ ነው ነገሩ። ያኔ ሐዲይኛ መስማት ጀምሬ ነበር። አማቴ ተነስተው መካከላቸው ቆሙ።

"እኔ ቀምሼዋለሁ" አሉ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ቤተሰቡም ሰፈሩም የሚያውቃቸው፣ ጃንጥላቸውን አዘንብለው የሚያልፉት ሴት ናቸው።

"ጎምዛዛ ነው" አሉ። "ጉሮሮ ይቧጥጣል። ምንም ደስታ የለበትም። ልጄ ለደስታ የሚጠጣ ሰው አልነበረም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በመዝሙር ቀበሩት። እኔ በሣጥኑ ላይ ከተጣለው አፈር ይልቅ በዚህ ንግግር አለቀስኩ። ባሌ ለደስታ ብቻ ነበር የሚጠጣው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ያንን የሚያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መካከል እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ግሮሰሪውን ለሌላ ሰው ለቅቄ ወንድሜ ሱቅ ገባሁ። አማቴን ግን እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁልጊዜ "አንተ" ነው የሚሉኝ፤ እኔም አንድም ቀን አላረምኳቸውም። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ እንሰት ሲፍቁ ድንገት እጃቸውን አቆሙ። ከአንጋጫ ሠርግ የመጣች ጎረቤት አንድ ነገር ነግራቸው ኖሯል።

"ልጄ፣ አንተ ንገረኝ" አሉኝ። "ወይን ጣፋጭ ነው ትላለች። ሰው ሁሉ ይጣፍጣል ይላል። እኔ ያበላሸሁት ነገር አለ?"

የመጨረሻዎቹን ቃላት ወደ መሬት እያዩ ነው ያሉት። ምን ያህል ጊዜ ይዘውት እንደኖሩ ገባኝ። አፌ ውስጥ የሾላው ሽታ መጣብኝ፤ ያን እሁድ የወደድኩት ጠርሙስ መጣብኝ። ባሌ ይህን ነገር ምን ያህል ይወደው እንደነበረ፣ ምን ያህልም ሊያቀምሳቸው ይመኝ እንደነበረ ልነግራቸው የምችል ሰው በምድር ላይ ከእኔ ሌላ የለም።

"የለም፣ እማዬ" አልኳቸው። "የሌላ ሰው ይጣፍጥ ይሆናል። የእሱ ግን እርስዎ እንደቀመሱት ነው።"

አማቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

"እኔም እንደዚያ አልኳት" አሉና ወደ እንሰታቸው ተመለሱ።