የእንጀራ እናቴ የበረሃ ጽጌረዳ

ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ቆሜ አንዲት ተክል ዳሰስኩ። ግንዷ ከሥሩ እንደ ድንች አብጧል፤ ቆዳዋ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። ሻጩ «የበረሃ ጽጌረዳ ናት» ሲለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእንጀራ እናቴ የምታሳድገው ይቺኑ ነበር።

እናቴ በሞተች በዓመቱ፣ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ሸማ ተራ ጋቢ የሚነግደው አባቴ ለንግድ ድሬዳዋ ወርዶ እሷን አግብቶ ተመለሰ። ሰባተኛ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትገባ አንድ ሻንጣና በጆንያ የተጠቀለለች ተክል ይዛ ነበር፤ ከመንደሯ፣ ከድንጋያማው ተረተር ላይ የነቀለቻት። ባዶ የዘይት ጣሳ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ሞልታ ተከለቻት። እኔ አሳዝናኝ ውሃ ላጠጣት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዪ ልጄ። ውሃዋን ሆዷ ውስጥ ይዛለች። ካበዛሽባት ትበሰብሳለች።»

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ከከሰል ምድጃው አጠገብ እናስጠጋታለን። አንድ ሐምሌ ግን ከሥሯ ረጥባ ሸተተች። የእንጀራ እናቴ የበሰበሰውን በቢላ ቆርጣ ጣለች፤ ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነሰችና እስኪደርቅ እንደ ታመመ ልጅ አስታመመቻት። ተረፈች። በግንቦቱ ሮዝ አበባ ስታወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ፤ እሷም እኔን አቅፋ ሳቀች። አሁን ሳስበው ያኔ ዕድሜዋ ከእኔ የዛሬ ዕድሜ ያንስ ነበር።

ግን አልወለደችም። አክስቴ በየእሁዱ እየመጣች አባቴን «ወንድሜ፣ ስምህን የሚያስጠራ ወንድ ልጅ ሳታይ ልታረጅ ነው?» ትለዋለች። መጀመሪያ ይቆጣት ነበር፤ ኋላ ዝም አለ። ዝምታው ሲከብዳት የእንጀራ እናቴ ራሷ ሻንጣዋን አዘጋጀች።

አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ናፍጣው ይሸታል፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ። አንዱ ጣሳውን ጣሪያ ላይ ሊጭን ሲል «ብርድ ይመታብኛል» ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። መስኮቱ ሥር ቆሜ፣ ሁልጊዜ አንቱ የምላትን ሴት፣ «እኔንስ ለማን ትተሽኝ ነው?» አልኳት።

እጇን በመስኮቱ አውጥታ ጉንጬን ያዘች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም አልለቀቀችኝም፤ እኔም መራመድ እስኪያቅተኝ አብሬያት ተራመድኩ።

አባቴ ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም።

«ሄደች?» አለኝ።

«ሄደች።»

ጋቢውን ተከናነበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ አክስቴ ያጨችለትን ሁሉ እምቢ እንዳለ አረጀ።