ስም የማይጻፍበት ወረቀት

መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናብ ጫማዬን አበስብሶት ነው። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ደብረ ማርቆስ ላይ በየክረምቱ ለመምህራን ኮርስ የሚሰጥበት ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበርና ታይፕ የሚመታና መዝገብ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል ተባለ። ታይፕ የተማርኩት አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ይፈትኑኛል ብዬ መንገዱን ሁሉ ጣቶቼን ሳፍታታ መጣሁ፤ ማንም አልፈተነኝም።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ገሠሠ ይባላሉ። ከቤተ ክህነት ጽሕፈት ወደ መንግሥት ሥራ የገቡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሐሳባቸውን ግን ማንም የማያስለውጣቸው ሰው ነበሩ። የምቀመጥበትን ወንበር ሳያሳዩኝ ሁለት ትልልቅ መዝገቦች አሳዩኝ፤ አንዱ የገቢ፣ አንዱ የወጪ። እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር አለው፣ ጥራዙ በክር ተሰፍቶ የክሩ ጫፍ በማኅተም ታሽጓል። አንድ ገጽ ቢጎድል ሁለታችንም እንጠየቃለን አሉኝ።

ከዚያ ደንቡን ነገሩኝ። በዚህ መስኮት የሚገባ ወረቀት ሁሉ ቁጥር ይመታበታል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ያመጣው ሰው ስም መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። የክርስትና ጥሪም ቢሆን አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በሳምንቱ ጎረቤታቸው የእውነት የክርስትና ጥሪ ላኩላቸውና እሱንም አስመዘገቡኝ።

ሥራውን ወደድኩት፤ ደግሞም ጎበዝ ነበርኩ፣ ይህን ስል አላፍርም። የኮርሱ አስተባባሪ «ያ ባለፈው ዓመት የጻፍነው ደብዳቤ» ካሉኝ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ። በሁለት ክረምት አንድም ወረቀት አልጠፋብኝም።

ኮርሱን የሚወስዱት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። ከአማኑኤል በመኪና ይመጣሉ፣ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ብዙዎቹ ጭቃውን እያቋረጡ በእግራቸው። ከአዲስ አበባ ከሚላኩት አስተማሪዎች በዕድሜ የሚበልጡ ጥቂት አልነበሩም።

ከነሱ አንዱ የዲማው መምህር ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። እዚያው ዲማ ከሊቃውንቱ እግር ሥር ተምረው፣ ኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት አማርኛና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ የተቀጠሩ ሰው ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸው ነበር፤ በዚህ ክረምት የማስተማር ዘዴ ኮርሱን ካላለፉ ክፍላቸውን ከማሠልጠኛ ለወጣ ወጣት ያስረክባሉ። ዝናብ ሲይዛቸው ከመስኮቴ ውጪ ከጣሪያው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ያነቡ ነበር።

በዚያ በሦስተኛው ክረምት ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ነገር መጣ፤ የተማሪዎች አስተያየት መጠይቅ። መምህሩ በሰዓቱ ይገባል ወይ? ሲጠየቅ ያስረዳል ወይ? ተማሪ ያከብራል ወይ? እያለ ይጠይቃል። አናቱ ላይ በትልቁ «ስም አይጻፍም» ይላል። ስቴንስሉን የመታሁትም፣ በማባዣ መኪና ያባዛሁትም እኔ ነኝ፤ ቀለሙ ሁለት ቀን ከእጄ አልለቀቀም። ተማሪ መምህሩን ሊመዝን ነው ተብሎ በየቢሮው ተሳቀ። አቶ ገሠሠ ግን፣ ሲመለስ በመስኮቱ ይመለስ ከማለት በቀር አልተናገሩም።

በመስኮቱ ተመለሰ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ሰጡኝ፤ እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ቁጥር መታሁ፣ ቀን ጻፍኩ፣ ስማቸውን ጠየቅሁ። አንዳቸውም ለምን አላሉኝም። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ ቁጥሩ ግን አለ፤ ቁጥሩ ደግሞ መዝገቡ ላይ ከነስሙ ተቀምጧል። ሥራዬን አሳምሬ ጨርሼ ወረቀቱን ለአስተባባሪው ላክሁ። አስተባባሪው የዋህ ሰው ናቸው፤ መምህሩ ስሕተቱን ቶሎ ያርም ብለው ውጤት ገና ሳይገባ ወረቀቶቹን ለየመምህሩ አደሉ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ይልማ መስኮቴ ላይ ቆመ። የማስተማር ዘዴ የሚሰጠው እሱ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እኩያዬ ስለሆነ እዚህ እሱ ብዬ ብጽፍ አይቀየመኝም። አንዱን መጠይቅ ይዟል፤ አውራ ጣቱ ማኅተሜ ላይ ነው።

«መቶ ሃያ ሰባት ማነው?» አለኝ።

ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየኝ። መምህሩ ከወረቀት ላይ ያነባሉ፣ ሲጠየቁ ይቆጣሉ ይላል። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱን በሰው ፊት ባላገር ብለው ሰድበውታል፤ የማስተማር ዘዴ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ባያደርግ መልካም ነው ይላል። ፊደሉ ተለቅሞ የተቀመጠ የቤተ ክህነት እጅ ነው። የክፍሉ ግማሽ እንዲያ ስለሚጽፍ በጽሕፈቱ ሊለየው አልቻለም። እኔ ግን መዝገብ መግለጥ አላስፈለገኝም። መቶ ሃያ ሰባት የዲማው መምህር ናቸው።

ቅር ብሎኝ አይደለም፣ ላነጋግረው ፈልጌ ነው አለኝ። ውጤት የሚገባው ቅዳሜ ነው፣ የእሱ የውጤት ዝርዝር ገና አልገባም። ያን ጊዜ የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ ገባኝ። የሰውየውን እንጀራ በገዛ ማኅተሜ መትቼ አሳልፌ ልሰጠው ነበር።

መዝገብ የሚታየው በደብዳቤ ነው አልኩት። ትናንት የስም ዝርዝር ስትፈልጊልኝ ደብዳቤ ጠይቀሽኛል? አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠየቅሁም። ዛሬ ጠየቅሁ አልኩት። ከሰዓት በኋላ የአስተባባሪውን ደብዳቤ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

መዝገቡን አቅፌ አቶ ገሠሠ ክፍል ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ገጹን ብንገነጥል ወንጀል ነው። የተሳሳተ ጽሕፈት የሚሰረዘው በቀይ ቀለም አንድ መስመር ተሰምሮበት ነው፤ ከሥሩ መነበብ አለበት፤ ይህም ደንብ ነው። ደንቡን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ከመጠይቁ ጋር የመጣውን ደብዳቤ አምጪ አሉኝና መነጽራቸውን መልሰው አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት።

«ስም አይጻፍም ይላል። አላነበብሽውም?»

«አንብቤዋለሁ። ለተማሪዎቹ የተባለ መስሎኝ ነው።»

ደብዳቤውን መልሰው አጠፉት። እኔም እንዲያ ነበር የመሰለኝ አሉ። አቶ ገሠሠ ስሕተት ሲጋሩኝ ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ላኪው ስም የከለከለበት ወረቀት ምስጢር ወረቀት ነው ብለው ወሰኑ። መዝገቡ ዳር ላይ ይህንኑ ጽፈው ፈረሙበት፤ ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ምስጢር የሚከፈተው ወረቀቱን በላከው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው። ለዕለት ሥራ አዲስ መዝገብ ከዕቃ ቤት አስመጥተው በዚያው ሰዓት አስጀመሩኝ።

አቶ ይልማ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። አቶ ገሠሠ ተነሥተው በአክብሮት ተቀበሉት፤ የአስተባባሪው ደብዳቤ እንደማይበቃ፣ ትእዛዙ ከአዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ነገሩት። ጥያቄውን አሁኑኑ ወይዘሪት ትጽፍልዎታለች አሉት። ወረቀት ከካርቦን ጋር የጽሕፈት መኪናው ላይ አስገባሁ። ለማን እንደሚላክ መታሁ፣ ጉዳዩን መታሁ። ከዚያ እጄን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ ቀና አልኩ።

«ስሙን የፈለጉበትን ምክንያት ምን ብዬ ልጻፍ?»

ተንኮል አልነበረኝም፤ ደብዳቤ ያለ ምክንያት አይጻፍም። አቶ ይልማ መጠይቁን እንደገና አነበበው። እኔም ጠበቅሁ፣ አቶ ገሠሠም ጠበቁ። በመጨረሻ መጠይቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ይቅር አለ።

የዲማው መምህር እንደ ልማዳቸው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ወጥቼ ያደረግሁትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘጉ።

«ልጄ፣ ስሜን የሰጠሁት ላንች መስኮት ነው፣ ለሱ አይዶለም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አሁን ማን ዘንድ ነው ያለ?»

አቶ ገሠሠ ዘንድ ተቆልፎበታል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ንባባቸውን ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለአንድ ጉዳይ አምነው የሰጡኝን ስም እኔ ለሌላ ሊውል እንደሚችል እንኳ ሳላስብ መዝግቤው ነበር፤ ያ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ውጤት ተለጠፈ። የዲማው መምህር አልፈዋል፤ ከፍ ያለ ማርክ አይደለም፣ ግን ማለፊያ ነው። በጣታቸው መስመሩን ሁለት ጊዜ ተከትለው አረጋገጡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ዝናቡ ሳይብስ መንገድ ጀመሩ። ተማሪዎቻቸው ክረምቱ ሲወጣ እሳቸውን ነው ያገኙት።

በሚቀጥለው ክረምት አናጢ ጠርቼ አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ የሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን አሠራሁ። አቶ ገሠሠ ያልተመዘገበ ወረቀት ቢሮዬ ውስጥ አላሳድርም ብለው ሁለት ቀን ተከራከሩኝ። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን እንመዝግበው አልኳቸው። ይህ ከደንቡ ጋር ገጠመላቸው። መዝገቡ ላይ «አንድ ሣጥን፣ የታሸገ» ተብሎ ገባ፤ የተከፈተውም ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ነው። እጅ ጽሕፈቱም እንዳይታወቅ መልሶቹን በታይፕ ገልብጬ እሱን ብቻ ለመምህራኑ ሰጠሁ። አቶ ይልማ ያን ክረምትም መጥቶ ነበር። ባላገር ማለቱን ትቷል፤ ከወረቀት ላይ ማንበቡን ግን አልተወም።

ከዚያ በኋላ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ብዙ ዓመት ሠርቼ፣ ኮምፒዩተር ሲገባም አይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁንም የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ወጣቶች ቅጽ ሲያዘጋጁ መጀመሪያ የሚጽፉት «ሙሉ ስም» የሚለውን ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ይሉኛል።

እኔ የምላቸው አንድ ነገር ነው። የሰው ስም ከመጠየቃችሁ በፊት የምትፈልጉበትን ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት። መጻፍ ካቃታችሁ ስሙን አትጠይቁ።

የዲማው መምህር ስም በዚያ አሮጌ መዝገብ መቶ ሃያ ሰባተኛው ተራ ላይ ዛሬም አለ፤ በእኔ እጅ የተጻፈ ስለሆነ ልክድ አልችልም። እዚህ ግን አልጻፍኩትም፤ የምጽፍበት ምክንያት የለኝም።