ያጠፋኋት መብራት

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ለመውጣት የተሳፈርኩባት መኪና ያረጀች ነበረች። ከሹፌሩ ጎን ስለተቀመጥኩ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አየኋት።

«ይቺ ከመቼ ጀምራ ነው እንዲህ የምትለው?» አልኩት።

«አመሏ ነው ማዘር፣ አያስቡ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ማቃሰት ያዘ። ሌላ ጊዜ በዚያ መንገድ ስወጣ ዞር ብዬ አባያ ሐይቅን ሳላይ አላልፍም፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን ከመብራቷ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ስወርድ መዳፌ በላብ ርሶ ነበር። ለሹፌሩ የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ መብራት መሆኗን፣ ዛሬውኑ ማስመርመር እንዳለበት ነገርኩት። እሺ አለኝ። ያድርገው አያድርገው አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ከመኪና ጋር የኖርኩ ሰው በአንዲት መብራት እንዲህ መርበትበቴ ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱ ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ያሳለፍኩት አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ነው።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሲቀላ በሚገኘው የጋሽ ዳና ጋራዥ ከተቀጠርኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ጋሽ ዳና ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ የታመመ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ከሠራተኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ደንበኞች ቱታዬን እያዩ «ወንዶቹ የሉም እንዴ?» ይሉ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩትም ክፉ ባይሆኑም፣ ቦሎኒ አልፈታ ብሎኝ ስታገል ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ተለማምጄ ነበር። ነገሩ ግራ ሲገባኝ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ማድረግ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ኤርሚያስ መጡ። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሴት ልጅ እንዴት ዘይት ለብሳ ትውላለች?» ያለውን አባቴን ቤታችን ድረስ መጥተው ያሳመኑልኝም እሳቸው ነበሩ። ከጥቂት ወራት በፊት ያገለገለች፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ውሃ ሰማያዊ መኪና ገዝተዋል። ጋሽ ዳና ላንቴ አጠገብ አንድ እርሻ ውስጥ የቆመ ትራክተር ሊሠራ ሄዶ ስለነበር፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ሊያያት ተነሣ።

«አይ፣ የኔ ተማሪ ትይልኝ» አሉ ቲቸር ሁሉም እየሰማ።

ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ቁልፉን ሳዞር የካምቢዮዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እኛ ጋ የሚመጡት መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላቸው ናቸው፤ አውቶማቲክ የማውቀው ከደብተር ነው። ዘይቱን አየሁ፣ ጎሎ አላገኘሁትም። ሜዳው ላይ ትንሽ ነዳኋት፤ ሄደችልኝ። መብራቷ ግን አላቆመችም። ሦስቱ ወንዶች ሠራተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛል። ቲቸር ክንዳቸውን አጣምረው፣ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ሊሠራ የወጣ ተማሪ እንደሚጠብቁ ሆነው ቆመዋል።

«የመብራቷ ችግር ነው» አልኩ። «ካምቢዮው ጤነኛ ነው።»

ዳሽቦርዱን ፈትቼ አምፖሏን አወጣኋት። ቲቸር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አመሰገኑኝ። እሑድ የልጃቸው ሰርግ ነው። በማግስቱ ጠዋት ተራራው ላይ ወዳለችው ዶርዜ ወጥተው እናታቸውንና ሁለት አክስቶቻቸውን ሊያመጡ መሆኑን ነግረውኝ ሄዱ። አምፖሏ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ቀረች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዳና ዳቦውን በሻይ እያጠቀሰ ሳለ ነገሩን እንደ ቀላል ወሬ አነሣሁለት። ማኘኩን አቆመ።

«ብልጭታዋን ቆጠርሽ?»

«ምኗን?»

«አስቴር፣ ያቺ መብራት ዝም ብላ አይደለም ብልጭ የምትለው። ካምቢዮው የታመመበትን ቦታ በቁጥር እየነገረችሽ ነው።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንዲህ ስትል መኪናዋ በአንድ ማርሽ ብቻ ልትቀር ትችላለች። ሜዳ ላይ አይታወቅሽም። ዳገት ላይ ዘይቱን ታቃጥላለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነጂው ማርሹን ዝቅ ቢያደርገው አይታዘዝለትም፣ ሞተሩ አይይዛትም። በፍሬን ብቻ ነው የሚወርደው፤ ፍሬኑ ደግሞ ግሎ ይከዳዋል። የት ሄደ ሰውየው?»

«ዶርዜ» አልኩ።

ያኔ ሞባይል ስልክ ገና ወደኛ አልደረሰም። ወደ ቲቸር ቤት ደወልን። ሙሽራዋ ልጃቸው ናት ያነሣችው፤ አባቷ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደወጡና ለምሳ እንደሚመለሱ ነገረችኝ። በመጨረሻም «ምነው፣ ችግር አለ?» አለች። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ጋሽ ዳና የመፈተሻ አምፖል፣ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና አንድ ጣሳ የካምቢዮ ዘይት በማዳበሪያ ከረጢት ከተተልኝ። የብልጭታዎቹን ቁጥርና ትርጉም ከደብተሩ በወረቀት ገለበጠልኝ፤ እንዴት እንደሚነበቡም አሳየኝ። አብሮኝ እንዲመጣ በዓይኔ ለመንኩት።

«ያጠፋሻት አንቺ ነሽ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ከመውረዱ በፊት ድረሺበት።»

በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ ገበያ የሚሄድ፣ ጨውና ሙዝ የጫነ አይሱዙ አገኘሁና ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ላንቴን ትተን ወደ ግራ ስንታጠፍ ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም ነበር። ትንሽ እንደወጣን ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ መንገዱ የዝናብ ጭቃ ነው፤ ከጎናችን የእንሰት ቅጠል ውሃ ያንጠባጥባል። ከላይ መኪና በመጣ ቁጥር አንገቴን እያሰገግኩ ቀለሙን አያለሁ። አንዱ ጥቁር ላንድክሩዘር ነው። አንዱ ሌላ አይሱዙ። በእያንዳንዱ ጥምዝ ገደሉን ቁልቁል አያለሁ፤ ደግሞ ማየቱን እፈራለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ «የታመመ ሰው አለሽ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። ሙዝ ሰጠችኝ። ልጬ ያዝኩት እንጂ አልበላሁትም።

ከአጋማሹ አልፈን ጉም ውስጥ ስንገባ፣ አንድ ጥምዝ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ገደሉ ሲያዩ ተመለከትኩ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። የቲቸር እናትን አይቻቸው አላውቅም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ነጭ ጋቢ ለብሰው በሐሳቤ መጡብኝ። ነጋዴዋ ጎንበስ ብላ ሰዎቹን ጠየቀቻቸው። ከአንድ ጋሪ ላይ የተንሸራተተ የቀርከሃ ጭነት ነው፤ ሰዎቹ እንዴት እንደሚያወጡት ይመካከራሉ። ሙዙን እጄ ውስጥ ጨፍልቄው ነበር።

ዶርዜ ስደርስ የቲቸርን እናት ግቢ ያሳየኝ አንድ ሸማኔ ነው። ዕቃዬን ተሸክሜ በጭቃው ላይ ሮጥኩ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ በሩ ላይ ቆማለች። ሞተሩ ተነሥቷል። ሦስቱ አሮጊቶች ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ቲቸር በራቸውን እየዘጉ ነው። ከፊት ለፊት ሄጄ ቆምኩ።

መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «አስቴር? ምን እግር ጣለሽ?»

«ቲቸር፣ ትናንት የነገርኩዎት ውሸት ነው። ካምቢዮው ጤነኛ አይደለም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አላወቅሽም ነበር ወይስ ዋሸሽኝ?»

«አላወቅኩም። ከዚያ ዋሸሁ።»

ቁልፉን አዙረው ሞተሩን አጠፉ። መኪናዋ ስትወጣ ዳገቱ እንደከበዳትና የተቃጠለ ነገር ሸቷቸው እንደነበር ቀስ ብለው ነገሩኝ። እናታቸው ከኋላ በጋሞኛ «ልጅቷ ምን ትላለች?» አሏቸው። የኔም ወላጆች ጋሞኛ ከሚነገርባት ከገረሴ ስለሆኑ ቋንቋውን እሰማለሁ። ቲቸር አንድም ቃል ሳይቀንሱ ነገሯቸው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እናታቸው እማማ ግን እየተደገፉ ወረዱና እጄን ያዙ። «ይቺ በርዷታል» ብለው ትኩስ የእንሰት ቆጮና የበርበሬ ዳጣ አስመጡልኝ። እያዩኝ ስለነበር በላሁ።

አምፖሏን ከኪሴ አውጥቼ መለስኳት። ጋሽ ዳና እንዳሳየኝ መብራቷ ቁጥሯን እንድትናገር በሞተሩ በኩል ያለውን የመፈተሻ ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘሁና ቁልፉን አዞርኩ። ቲቸር ጎንበስ ብለው አብረውኝ ቆጠሩ። ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሁለት ጊዜ። ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው። ወረቀቴ ላይ፣ ማርሽ ከሚቀይሩት የኤሌክትሪክ ቫልቮች የሁለተኛው መስመር መቋረጡን ይላል።

ጆንያ አንጥፌ ጭቃው ላይ ተኛሁና ከሥር ገባሁ። የመፈተሻ አምፖሉን ይዤ ሽቦውን ከመነሻው ተከተልኩት። አንድ ብረት ላይ ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ አልቋል፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ተበጥሷል። የጣቴን ግማሽ የማታህል ቦታ ናት። ጫፎቹን ላጥኩ፣ ጠረግኩ፣ በአዲስ ሽቦ ቀጠልኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩና ብረቱን እንዳይነካ ራቅ አድርጌ አሰርኩት። ዘይቱ ጠቁሮ ሸቷል፤ የምችለውን ያህል ቀድቼ አዲሱን ጨመርኩበት። ካምቢዮው የያዘውን የብልሽት ቁጥር እንዲረሳ የባትሪውን ገመድ ለትንሽ ጊዜ ነቅዬ መለስኩ።

ቁልፉን ሳዞር መብራቷ አንዴ በርታ ጠፋች። በመንደሩ መንገድ ወጣን ወረድን፤ ማርሹ ሲቀያየር ወገቤ ላይ ተሰማኝ። ትንሽ ቁልቁለት ላይ ዝቅ ሳደርገው ሞተሩ አጉረምርሞ መኪናዋን ያዛት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ቲቸር በአራተኛው «በቃ» አሉ።

«አንቺ ከፊት ተቀመጪ» አሉኝ፤ «አብረን ነው የምንወርደው።»

ያን ቁልቁለት ዕድሜዬን ሙሉ የወረድኩት ይመስለኛል። ጉም ነበር። ቲቸር ማርሹን ዝቅ አድርገው በዝግታ ይነዳሉ፤ እኔ የሌለ ፍሬን በእግሬ እረግጣለሁ። ዓይኔ ከጠፋችው መብራት ወደ ገደሉ፣ ከገደሉ ወደ መብራቷ ይመላለሳል። ያ ሽቦ ቢላቀቅስ እላለሁ። አሮጊቶቹ ከኋላ ስለ ሙሽራዋ ልብስ እየተከራከሩ ይስቃሉ። እንዴት ይስቃሉ እያልኩ እገረም ነበር። ሥራዬን አምነው እንደተቀመጡ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ሲገባኝ ደግሞ የበለጠ ፈራሁ።

ላንቴ ደርሰን ሜዳውን ስንይዝ ሙቀቱና የሙዙ እርሻ ሽታ በመስኮት ገባ። ቲቸር ዳር ይዘው አቆሙና ወርደው ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ። ሞቅ ብለዋል እንጂ አልተቃጠሉም። እኔም ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ሦስት ዓመት አስተምሬሻለሁ» አሉ። «አንድም ቀን እጅሽን አውጥተሽ ‹አልገባኝም› ብለሽ አታውቂም። ጎበዝ ስለሆንሽ ይመስለኝ ነበር።»

ሌላ አልጨመሩም። በማግስቱ ሰርጉ ላይ ከእማማ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሰኞ ዕለት መኪናዋን መልሰው አመጡልኝ፤ ከጋሽ ዳና ጋር ሆነን ዘይቷን ሙሉ በሙሉ ቀየርን።

ዛሬ የራሴ ጋራዥ አለኝ፤ ከኔ የተማሩ ልጆችም ጋራዥ ከፍተዋል። ሰው እንደሚያወራው ዕውቀት ሲበዛ ፍርሃት የሚጠፋ ከሆነ፣ ያ ነገር እኔ ጋ አልመጣም። አሁንም የማላውቀው መኪና ሲመጣ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየኝ፣ ፊቴን ያ የድሮው ሙቀት ይወረኛል፤ አንድ የሚያሳምን ቃል ምላሴ ላይ ይመጣል። ከመናገሬ በፊት ያን ሰው ወዴት እንደሚሄድና ማንን እንደሚጭን እጠይቀዋለሁ። መልሱን ስሰማ «አላውቀውም፣ ልየው» ማለት ይቀለኛል።