ኮትሽን ገልብጪው ያለኝ ሰው

በዘጠኝ ዓመቴ የነበረው ሐምሌ ከሁሉም ይበልጥ ትዝ ይለኛል። ዝናቡ ሦስት ሳምንት ተወን። ድንጋዩ ራሱ ይሞቅ ነበር፤ ጣታችንና ከንፈራችን በዱር ፍሬ ጠቁሮ ነበር የምንውለው። በወሩ መጨረሻ እሁድ መንደሩ በሙሉ ፍሬ ለቀማ ወደ ክኖክሩዋ ተራራ ይወጣል፤ ወጣቶቹ ለመተያየት፣ እኛ ልጆች ለሆዳችን።

ፌስቲ ማኒየን ግን በዓል አያውቅም። ከተራራው ሥር ካለው ረግረግ ጥቁሩን የማገዶ አፈር እየቆረጠ፣ እያደረቀ የሚኖር ወንደላጤ ነበር። ተራራውን ሲወጣ ኮቱን ገልብጦ ይለብሳል። እኛ አገር መሳቻ ሣር የሚባል አለ፤ የረገጠው ሰው በገዛ ማሳው ውስጥ መውጫው ይጠፋዋል። መድኃኒቱ ልብስ ገልብጦ መልበስ ነው። ሌላው ሰው ሲጠፋ ይገለብጣል፣ ፌስቲ ከቤቱ ገልብጦ ይወጣል።

«ፌስቲ፣ ዛሬም ዓይንህን ጨፍነህ ነው የለበስከው?» ትለዋለች እናቴ።

«ሳቂ፣ ብሪጂ! ሣሩ አንቺንም ያውቅሻል።»

ያን እሁድ እናቴ በዚያ ሙቀት ኮት አስለብሳ ሰደደችኝ። ፍሬ ፍሬውን ስከተል ከሰው ተለየሁ። ከዚያ ጉሙ ወረደ። የረገጥኩት መሬት እንኳ በቅጡ አልታይ አለኝ። ገደል በአቅራቢያዬ እንዳለ አውቃለሁ፣ በየት በኩል እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ቆሜ አለቀስኩ።

«ማን ናት እሷ የምትነፋረቀው?» አለ አንድ ድምፅ።

«ኖራ ነኝ! የብሪጂ ልጅ!»

«ንቅንቅ እንዳትይ! ኮትሽን ገልብጪው!»

«ጋሼ ፌስቲ፣ ሣሩን አልረገጥኩም እኮ!»

«ይቺ ደግሞ ትከራከረኛለች! ገልብጪ ብያለሁ!»

ገለበጥኩ። የኮቴ ውጪው እንደ ጉሙ ግራጫ ነው፤ ገበሩን ግን እናቴ ከአያቴ አሮጌ ቀይ ጉርድ ነበር የሰፋችው። ፌስቲ ቀዩን አይቶ መጣና ክንዴን ጨመደደ። ገደሉ ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ነበር።

«አየሽ፣ ሠራ» አለኝ።

ያዳነኝ ልማዱ ይሁን ቀዩ ገበር፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። እናቴ ከዚያ ወዲያ በኮቱ አልቀለደችም። እኔም አምስት ልጆች ወልጄ አሥራ አንድ የልጅ ልጅ ያየሁት በእሱ ነው። ምስጋናዬን በአፌ ሳልነግረው ወገቡ ደከመና አገር ለቆ ሄደ። ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ «ደርሶኛል፣ ኮትሽን ጠብቂ» የሚል መልስ መጣልኝ። ያኔ በእንግሊዝ አገር፣ ሃደርስፊልድ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በእህቱ በዴሊያ ቤት ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።