ሸምሶ ቆሼ የቀረበት አረፋ

ቡታጅራ ውስጥ አልናበብ ያሉ ሁለት ዕቃዎች የያዘ ሰው መጨረሻው ሸምሶ ዘንድ ነበር። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ጫፍ፣ ደንበኛ ሲበዛ ደጅ የሚያስቆም ጠባብ ሱቅ ነበረው። ዘመኑ አዲስ ኮምፒውተር ከአሮጌ ማተሚያ ጋር የተኳረፈበት ነው። የድሮው ማተሚያ ሰፊ፣ ባለ ብዙ ጥርስ ሶኬት ይፈልጋል፤ አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ ቀጭኗን የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ይዞ ይመጣል። ሰው ከመርካቶ መቀየሪያ ገመድ ገዝቶ ይሰካል፤ አንድ ገጽ ሲታተምለት አላህን አመስግኖ ይተኛል። በማግስቱ ማተሚያው ትርጉም የሌለው ምልክት ሲተፋበት ወደ ሸምሶ ይሮጣል።

«ሶኬቱ ገባ ማለት ተግባቡ ማለት እኮ አይደለም» ይል ነበር ሸምሶ። ኃይል ላነሰው ለብቻው ኃይል ይሰጠዋል፣ የላላውን ይበይዳል፣ ረጅሙን ገመድ ያሳጥራል። ደንበኛው «ሠራ እኮ፣ በቃ ስጠኝ!» ቢለውም አይሰጥም። ነቅሎ ይሰካል፣ አጥፍቶ ያበራል፣ ገመዱን ይወዘውዛል። ቢለምኑት ቢቆጡት ያው ነው። ይኸው ግትርነቱ ስም አወጣለት፤ ያቃጠለውም እሱው ነው።

ከጎኑ ፈቲሀ የኮምፒውተር ጽሕፈት ከፍታ ነበር። የበርበሬ ነጋዴው የሐጂ ኡበይድ ልጅ ናት። ማተሚያዋ ከአዲሱ ኮምፒውተሯ ጋር አልስማማ ሲላት ያስታረቀላት ሸምሶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሻይ ካስመጣች ሁለት ብርጭቆ ነበር የምታስመጣው። እሱም ማተሚያዋ ሳይበላሽ «እስኪ ልየው» እያለ መግባት አመጣ። እንደሚወዳት ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። እሷም ታውቃለች። ከአፉ የወጣ ነገር ግን አልነበረም፤ ሽማግሌ ሳይገባ ልጅቷን ማናገር ነውር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

አገሩ ደግሞ ትዳር የሚጠይቀው በአረፋ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ ላይ የሚውል አጎት ሱቁን ዘግቶ የሚገኘው ያን ሳምንት ብቻ ነዋ። በ2000 ዓ.ም. አረፋ የሸምሶ አጎት ሙሀመድአወል መጣና ነገሩን ቆረጠው፤ በበዓሉ ሦስተኛ ቀን ሐጂ ኡበይድ ቤት ይኬዳል። ወሬውም እዚያ ቤት ደረሰ። በእነሱ ቤት ወግ ሽማግሌ የሚነሳው ልጁን መሐል አስቀምጦ ዱአ ካደረገለት በኋላ ነው። «እንዳትጠፋ፤ አንተ በሌለህበት አልነሳም» አለው አጎቱ።

በበዓሉ ማግስት ሸምሶ ቆሼ ከተማ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ተጠራ። የደም መመርመሪያው ማሽን ውጤቱን ለአዲሱ ኮምፒውተር አልሰጥ ብሏል። «ግማሽ ቀን ናት» ብሎ ሄደ። ያስገቡት ገመድ ቀጥታ የተዘረጋ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ክር ላይ ይናገራሉ፣ በሌላው ሁለቱም ያዳምጣሉ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ሸምሶ ክሮቹን አሻግሮ የአንዱን አፍ ለሌላው ጆሮ አደረገውና ውጤቱ መምጣት ጀመረ። የክሊኒኩ ባለቤት ወልደማርያም ደስ አለው።

«በል ግባ ወደ ቤትህ፣ በዓል ነው» አለው።

«ቆይ ትንሽ ልየው።»

ጥቂት ቆይቶ ግንኙነቱ ተቋረጠ። እንደገና አስነሳው፣ እንደገና ተቋረጠ።

«በተቋረጠ ቁጥር እናስነሳዋለን፤ ምን ችግር አለው?» አለ ወልደማርያም።

«የሰው ደም ነው እኮ፤ መሐል ላይ ቢቆረጥና የአንዱ ውጤት ለሌላው ቢሰጥስ?»

እዚያው አደረ። ስልኩ ኔትወርክ አልያዘለትም። ጥፋቱ ከገመዱ ጋር የገዟት ርካሽ መቀየሪያ ላይ እንደሆነ የደረሰበት በበዓሉ ሦስተኛ ቀን ነው። ከአንድ ሱቅ ሌላ ፈልጎ ቀየረ፣ ወዘወዘ፣ አጠፋ፣ አበራ። ቡታጅራ ሲደርስ መሽቷል። እናቱ ወይዘሮ ከድጄ በር ላይ ቆማለች።

«አጎትህ እስከ ዐስር ሶላት ጠበቀህ። ሱቁ አይጠብቀኝም ብሎ ሄደ።»

«ለከርሞ አረፋ እንሄዳለን፣ እማ። ዓመት ምን አላት?» አላት።

ዓመት ብዙ አላት። ፈቲሀ ሻዩን ለአንድ ሰው ማስመጣት ጀመረች፤ እሱም ሽማግሌ እንደሚመጣ የሰማች ልጅ ዓይን አፋርነት መስሎት ምክንያቱን አልጠየቃትም። የከርሞው አረፋ ሲደርስ አጎቱ እንደ ወጉ ሦስተኛውን ቀን ቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን ግን አዲስ አበባ የሚነግድ ሌላ ሰው የላከው ሽማግሌ ሐጂ ኡበይድ ቤት ገብቶ እሺታ ይዞ ወጣ።

ሸምሶ አላገባም። አረፋ በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚገቡትን መኪናዎች እያየ ሱቁን ማልዶ ይከፍታል። በበዓል ሱቅ ለምን እንደሚከፍት ሲጠይቁት «ሥራ አለብኝ» ይላል። ሥራ የለበትም። ናፍቃዋለች፣ በቃ።

በ2004 አረፋ ፈቲሀ መጣች፤ ያችኑ ማተሚያ በካርቶን አሸክማ። እህቷ ዛህራ የተዘጋውን የኮምፒውተር ጽሕፈት ልትከፍተው ነው፤ አዲሱ ላፕቶፗ ግን ማተሚያውን አያውቀውም። ፈቲሀ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እሱ ሰካ፣ ነቀለ፣ ሰካ።

«ያኔ» አለች፣ «እናቴ ቤቱን አጽድታ፣ ክትፎው ተሰናድቶ፣ ሽማግሌ ይመጣል ተብሎ ሦስተኛውን ቀን ሙሉ ጠበቅን። የት ነበርክ ሸምሶ?»

«ቆሼ።»

«ምን ልትሠራ?»

«አንድ ማሽን ነበር… እየተቋረጠ አስቸገረኝ።»

ፈቲሀ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተቋረጠ።

«የማትፈልገኝ መስሎኝ ነበር። አንዲት ቃል ብትልክልኝ እጠብቅህ ነበር። ሦስት አረፋም ቢሆን!»

ውጭ ባሏ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። ማተሚያው ገጹን አጥርቶ አወጣ። ተነሳች፤ ሸምሶ ግን «ቆይ» አለና ነቅሎ ሰካው። ታተመ። አጥፍቶ አበራው። ታተመ። ገመዱን ወዘወዘው፣ እንደገና ወዘወዘው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያገናኘው ነገር እንዲለያይ እየለመነ ነበር። አልተለያየም።

«ከተበላሸ ይደወልልኝ» አላት።

«እሺ፣ ዛህራ ትደውላለች። እኔም ብሆን እደውላለሁ» አለችና ወጣች።

ዓመቱን ሙሉ ስልኩን ከእጁ አልለየም። በዛህራ ደጅ ባለፈ ቁጥር የማተሚያው ድምፅ ሳይደናቀፍ ይሰማዋል።