ሻለቃ ጎን ማን ይቀመጥ?

ዛሬ ጠዋት እዚህ መቱ ጋራዤ ውስጥ፣ ሠራተኛዬ ሲፈን ከሚኒባስ ስር ወጥታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች «እትዬ ብርቄ፣ ፍሬኑን ጨርሻለሁ፤ ባለመኪናው ይውሰደው?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ብዬ ነበር። ያውም ለማን? ለሻለቃ ገመቹ!

ሻለቃ በጦርነቱ ጊዜ የጠላት አውሮፕላን መትተው የጣሉ ተዋጊ አብራሪ ነበሩ። ስንት እንደጣሉ ሲጠየቁ «በሰላም የተመለስኩበትን ቁጠሩልኝ» ብለው ያልፉታል። ኋላ ደግሞ ተጠግነው የሚወጡ ጄቶችን ቀድመው አየር ላይ የሚሞክሩ እሳቸው ሆኑ። መንግሥት ሲለወጥ ተሰናብተው አገራቸው መቱ ገቡ፤ እኔ ከምሠራበት ጋራዥም የተጠገነ መኪና ሁሉ ሳይሞክሩት አይወጣም ነበር። ጎማውን እየዳበሱ፣ ያዩትን ሁሉ ጮክ ብለው እየጠሩ ሲዞሩ ተሳፋሪ ቆሞ ያልቃል።

«ሻለቃ፣ ይሄ እኮ አይበርም!» ይሏቸዋል።

«እንዳይበር ነው የማየው» ይላሉ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ዕቃ በቤንዚን ከማጠብ በቀር የተሰጠኝ ሥራ የለም። አንድ ክረምት ባለጋራዡ ስለምነው ከርሜ የሚኒባስ ፍሬን ሰጠኝ። «ሻለቃ ካሳለፉሽ ሜካኒክ ነሽ፤ አለዚያ ወደ ቤንዚንሽ!» ሁለት ቀን ለፍቼ «ጨርሻለሁ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሻለቃ ዞረው ሲያበቁ የጎኑን በር ከፈቱ። «የኔ ጄት ወንበሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የጠገነውን ሰው ጎኔ ላስቀምጥ ስመኝ ኖርኩ። መኪና ተመስገን፣ ጎን አለው። በይ፣ ማን ይቀመጥ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺማ እልኸኛ ነሽ፣ ትገቢያለሽ። እናትሽንስ ታስገቢያለሽ?»

እግዜር አያመጣው የለ፣ እናቴ ጎደሬዋን በጆንያ ይዛ ወደ ጎሬ ገበያ የሚወስዳት መኪና ስትጠብቅ እዚያው ቆማለች! «ኢንታላ ኮ ሠርታው! ልጄ ሠርታው እኔ ልፈራ?» ብላ ከነጆንያዋ ገብታ ተደላደለች።

ያን የፍሬን ዘይት ቧንቧ ዳዶ በእጄ ካስገባሁት በኋላ በቁልፍ አጥብቄው ነበር? «ቆይ! ቆይ!» ብዬ ጭቃው ላይ ተንጋልዬ ከስር ገባሁ። ባለጋራዡ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት፤ በቃ አለቀልኝ አልኩ። ዳዶው በቁልፍ ሩብ ዙር ዞረ።

መዋሸት ይቻል ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለ። «አንዱ ላልቶ ነበር» አልኩ ጭቃ እንደለበስኩ።

ሻለቃ ከት ብለው ሳቁ። «አለፍሽ!» አሉኝ፣ ሞተር እንኳ ሳያስነሱ።

ሻለቃ እየነዱ ሦስታችንም ዳገቱን ወጥተን ጎሬ ስንደርስ እናቴ «የመመለሻውን ቁልቁለትም ካላየሁ አልወርድም» አለች። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጫካው ጉም ይነሳል። ሻለቃ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ቀጥ፣ እሷ እልል! ገበያው ቀረ፤ ጎደሬውን ማታ ቀቅላ በሚጥሚጣ ከሻለቃ ጋር በላነው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሻለቃ ዛሬ የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሰው የጣሉትን አውሮፕላን ያወራል፤ እኔ የሚታወሰኝ ያ «እናትሽንስ ታስገቢያለሽ?» የሚለው ጥያቄያቸው ነው።

የሲፈን እናት እዚህ የሉም፣ ያሉት ኖፓ ወረዳ ነው። ስለዚህ ነጠላዬን ሰብስቤ የሚኒባሱን የጎን በር ከፈትኩና እኔው ተቀመጥኩ። ሲፈን አየችኝ፤ መኪናውን አየች።

«ቆይ እትዬ፣ አንዴ» ብላ ተመልሳ ከስር ገባች።